ጎንደር ላይ ስንት ተረጂ አለ? ቁጥሮቹ ለምን አይገጥሙም

ድርቅ ወይም መፈናቀል በተነሳ ቁጥር ጎንደር ላይ አንድ ክርክር አብሮ ይነሳል። ስንት ሰው ነው እርዳታ የሚፈልገው? ዞኑ አንድ ቁጥር ይናገራል። የተባበሩት መንግሥታት (ተመድ) ሪፖርት ሌላ ቁጥር ይዞ ይወጣል። የእርዳታ ድርጅቶች ደግሞ «ለዚህን ያህል ሰው አድርሰናል» የሚል ሦስተኛ ቁጥር አላቸው፤ እሱም ከሁለቱ ጋር አይገጥምም። ከዚያ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ መወራረፍ ይጀመራል። አንዱ ቁጥሩ የተጋነነው ሊበላበት ነው ይላል፣ ሌላው ረሃቡን ለመደበቅ ነው የተቀነሰው ብሎ ይመልሳል።

ሁለቱም የሚሉት ነገር የተፈጸመበት ጊዜ አለ። ግን ማጋነንና መደበቅ ብቻውን ልዩነቱን አያስረዳም። ሁሉም ሰው በቅንነት ቢሠራ እንኳ ቁጥሮቹ አይገጥሙም ነበር። የሚቆጥሩት ነገር ይለያያል። አንዱ ቁጥር በአንድ ጊዜ ለብዙ ጉዳይ ይውላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከቀበሌ ተሰብስቦ ወደ ላይ የሄደ መረጃ ተመልሶ ቀበሌ አይደርስም። ይኼ የመጨረሻው ብዙ አይወራበትም፤ እኔ ግን ዋናው ችግር እሱ ነው ባይ ነኝ።

በአንድ አካባቢ አራት ዓይነት ቆጠራ

ጎንደርና ዙሪያዋ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ናቸው። በአገሪቱ ያሉት ዋና ዋና የቆጠራ ዓይነቶች እዚህ ተገናኝተዋል።

ከስደተኞች እንጀምር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ ብዙ ሰው በመተማ ዮሐንስ በኩል ገባ። ኩመርና አውላላ የተባሉት መጠለያዎች ለእነሱ ተከፈቱ። ዳባት አጠገብ ያለው ዓለምዋጭ ደግሞ ቀደም ብሎ፣ ትግራይ ውስጥ ከነበሩ ካምፖች ለወጡ ኤርትራውያን የተዘጋጀ ነው። ስደተኛ የሚቆጠረው አንድ በአንድ ነው። የተመድ የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንና የመንግሥት የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ስሙን፣ ቤተሰቡንና አሻራውን ይመዘግባሉ። ስለዚህ የስደተኛ ቁጥር የሰዎች ዝርዝር ድምር ነው። ግን እዚያው መተማ በር ላይ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት (አይኦኤም) የሚቆጥረው ሌላ ነገር ነው። እሱ የሚይዘው ድንበሩን የተሻገረውን ሁሉ ነው፤ ሱዳናዊውን፣ ከሱዳን የተመለሰውን ኢትዮጵያዊ፣ የሌላ አገር ዜጋውንም። አንድ በር፣ ሁለት ቁጥር። ሁለቱም ትክክል።

ተፈናቃይ ሲሆን ነገሩ ይላላል። አንደኛው ምንጭ ቀበሌና ወረዳ የሚያዘጋጁት ዝርዝር ነው። ሌላው ዲቲኤም የሚባለው፣ አይኦኤም ተፈናቃዮች ያሉበትን ቦታ እየዞረ የሚከታተልበት ዘዴ ነው። ዲቲኤም በአብዛኛው እያንዳንዱን ሰው አይመዘግብም። የቦታውን ሁኔታ የሚያውቁ ሰዎችን፣ የኮሚቴ አባላትን፣ የቀበሌ ሠራተኞችን ጠይቆ ግምት ይወስዳል። ትምህርት ቤት ወይም መጋዘን ውስጥ የተጠለለ ሰው በቀላሉ ይታያል። ዘመድ ቤት የገባው ግን አይታይም፤ ካልሆነም ሁለት ቦታ ይቆጠራል፣ አንዴ በመጣበት ወረዳ፣ አንዴ ባረፈበት። በእኛ አገር ደግሞ ከተፈናቀለው ብዙው የሚጠጋው ዘመድና ወዳጅ ዘንድ ነው። ደባርቅ ላይ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ሁለት ቤተሰብ ቢያድር የትኛውም ካርታ ላይ ምልክት የለውም።

የድርቁ ቁጥር ከሁለቱም ይለያል። በ2015ና በ2016 እንደ ጃናሞራ ያሉ የሰሜን ጎንደር ወረዳዎች በድርቅ ሲጎዱ የተነገረው ቁጥር የሰው ዝርዝር አልነበረም። ግምት ነው። ከመኸር በኋላ መንግሥትና አጋሮቹ ቡድን አዋቅረው የተመረጡ ቦታዎችን ያያሉ፤ ምርቱን፣ የገበያውን ዋጋ፣ የከብቱን ሁኔታ፣ የሕፃናቱን ክብደት። ከዚያ ተነስተው በወረዳው ስንት ሰው ለስንት ወር ድጋፍ እንደሚያስፈልገው ያሰላሉ።

አራተኛው ሴፍቲኔት ነው። ከ1997 ጀምሮ የሚሠራው ይህ ፕሮግራም ለየወረዳው ኮታ አለው። ኮታው ካለቀ የባሰ ድሃ ቢገኝ እንኳ ዝርዝሩ ላይ የሚገባው ሌላው ከወጣ ነው።

አሁን እነዚህን አራቱን ደምሩ ብትባሉ ምን ታደርጋላችሁ? አንድ ቤተሰብ በትውልድ ወረዳው የሴፍቲኔት ተጠቃሚ፣ ባረፈበት ከተማ ተፈናቃይ፣ በመኸር ግምገማው ደግሞ የድርቅ ተጎጂ ሆኖ ሦስት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል። ጎረቤቱ አንዴም ላይቆጠር ይችላል።

ቅንጅት የሚባለው ነገር ከየት መጣ

የቁጥር ጠብ ለእኛ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1984 የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከፍተኛ ረሃብ እየመጣ መሆኑን ለዓለም አሳውቆ ነበር። የኮሚሽኑ ግምትና የተመድ ባለሙያዎች ግምት በጣም ተራራቁ። ለጋሾች ቁጥሩን ተጠራጠሩ። ዓለም በደንብ የነቃው በጥቅምት፣ ቢቢሲ ከኮረም ያነሳው ምስል ሲታይ ነው። በመካከል ያለፉት ወራት ስንት ሕይወት እንደበሉ ወሎና ትግራይ ያውቁታል፣ ጎንደርም ያውቃል። አሜሪካ በቀጣዩ ዓመት፣ በ1985፣ ፊውስ ኔት የተባለውን የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ያቋቋመችው ከዚህ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1991 የተመድ ጠቅላላ ጉባኤ 46/182 የተባለውን ውሳኔ አሳለፈ። የአስቸኳይ እርዳታ አስተባባሪ የሚባል ኃላፊ ተሾመ፤ ቢሮው በ1998 ዛሬ ኦቻ ብለን የምንጠራውን ስም ያዘ፣ የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ ማለት ነው። በ2005 ደግሞ የክላስተር አሠራር መጣ። ክላስተር ማለት በአንድ ዘርፍ የሚሠሩ ሁሉ የሚገናኙበት መድረክ ነው። ጤና ለብቻ፣ ውሃና ንጽሕና ለብቻ፣ ምግብ ለብቻ፣ መጠለያ ለብቻ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ለእያንዳንዱ መሪ አለው፤ ጤናን የዓለም ጤና ድርጅት፣ ውሃንና ሥርዓተ ምግብን ዩኒሴፍ፣ የምግብ ዋስትናን የዓለም ምግብ ፕሮግራምና ፋኦ የሚባለው የተመድ የምግብና እርሻ ድርጅት። መጀመሪያ የተሞከረው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በፓኪስታን የመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ክላስተር መሪው አዛዥ አይደለም። አንድን ድርጅት «አንተ ደባርቅን ተውና በየዳ ሂድ» ብሎ ማዘዝ አይችልም። ድርጅቱ የራሱ ቦርድ፣ የራሱ ለጋሽ፣ የራሱ ውል አለው። መሪው በእጁ ያለው መረጃ ብቻ ነው። «እዚህ ሦስት ድርጅት ተደራርቧል፣ እዚያ ማንም የለም» ብሎ ካርታ አውጥቶ ማሳየት ይችላል። ሰው በይሉኝታም ይሁን በምክንያት ካርታውን አይቶ ከተነሳ ቅንጅት ተፈጠረ፣ ካልተነሳም የሚያስነሳው የለም። ለዚህ ነው በዚህ ሥራ ውስጥ መረጃ የወረቀት ጉዳይ ብቻ ያልሆነው። ያለው ሥልጣን በሙሉ እሱ ነው ማለት ይቻላል።

ሌላም ነገር አለ። ስደተኞች በክላስተር ውስጥ አይደሉም። የእነሱ ማስተባበሪያ ለብቻው በስደተኞች ኮሚሽንና በመንግሥት አገልግሎቱ በኩል ይሄዳል። ስለዚህ ምዕራብ ጎንደር ላይ መጠለያ ውስጥ ያለው ሱዳናዊና በአቅራቢያው ቀበሌ የተፈናቀለው ኢትዮጵያዊ አንድ ጉድጓድ ውሃ ሊጋሩ ይችላሉ፣ ጉዳያቸው ግን የሚነሳው በሁለት የተለያየ ስብሰባ፣ በሁለት የተለያየ ሠንጠረዥ ነው።

ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ

የቅንጅት መረጃ ሁሉ መሠረቱ አንድ ቀላል ሠንጠረዥ ነው። ማን ምን የት መቼ እየሠራ ነው? የእንግሊዝኛዎቹ መጠይቅ ቃላት በደብሊው ፊደል ስለሚጀምሩ ባለሙያዎቹ ሦስት ደብሊው ወይም አራት ደብሊው ይሉታል፤ «ለማን» ሲጨመርበት አምስት ይሆናል። እያንዳንዱ ድርጅት በየጊዜው ይሞላል፣ የክላስተሩ መረጃ ኦፊሰር ይሰበስባል፣ ኦቻ አንድ ላይ ያመጣዋል።

ሲያዩት ቀላል ነው። ሲሞሉት ግን ጣጣው ብዙ ነው። አንዱ የታቀደውን ይጽፋል፣ አንዱ የተሠራውን። አንድ የውሃ ተቋም ላይ አንዱ ቧንቧ ዘረጋ፣ ሌላው ጄኔሬተር አቆመ፣ ሦስተኛው ክሎሪን አቀረበ እንበል። ሦስቱም «5,000 ሰው ተጠቃሚ» ብለው ሪፖርት ካደረጉ ዝም ብሎ የደመረ ሰው 15,000 ያገኛል። ማንም አልዋሸም።

«የት» የሚለው ዓምድ ደግሞ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። የቦታ ስሞቻችን በላቲን ፊደል ሲጻፉ እያንዳንዱ ሰው በመሰለው ይጽፋል። ገንዳ ውሃን ሸህዲ ብሎ የሚጽፍም አለ። ኮምፒዩተር ደግሞ አንድ ፊደል ከተለወጠ ሌላ ቦታ ነው ብሎ ያስባል። ለዚህ የተፈለገው መፍትሔ ፒ-ኮድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ክልል፣ ዞንና ወረዳ የሚሰጥ የማይለወጥ መለያ ቁጥር ማለት ነው። ስሙ እንዴትም ይጻፍ፣ ኮዱ አንድ ከሆነ ቦታው አንድ ነው።

ይኼም ቢሆን ወሰን ሲቀየር ይቸገራል። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን በ2010 አካባቢ ማዕከላዊ፣ ሰሜንና ምዕራብ ተብሎ ሦስት ሆነ። አሁን «ሰሜን ጎንደር» ሲባል ደባርቅን ማዕከል ያደረገው ዞን ነው። ከዚያ በፊት ግን መተማንም ደምቢያንም የሚጨምር ግዙፍ ዞን ነበር። ሳያስተውል የድሮውንና የአዲሱን ሪፖርት ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው «የሰሜን ጎንደር ተረጂ በጣም ቀነሰ» ብሎ ሊደመድም ይችላል። የቀነሰው ዞኑ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩም ያምታታል። «የ2016 ድርቅ» የሚል ፋይል ብታገኙ የቱ ነው? እ.ኤ.አ. በ2016 በኤልኒኖ ምክንያት በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው ለአስቸኳይ እርዳታ የተዳረገበት ድርቅ አለ። በእኛ አቆጣጠር 2016 ደግሞ ጃናሞራን ያራቆተው ድርቅ የቀጠለበት ዓመት ነው። ሁለት ድርቅ፣ አንድ ቁጥር። ወረዳው በእኛ ካላንደር ሞልቶ፣ አዲስ አበባ ያለው ኦፊሰር በፈረንጅ አቆጣጠር ሲያነበው ምን እንደሚፈጠር መገመት አይከብድም።

ከሁሉም ሥር ያለው ችግር ግን የሕዝብ ብዛት ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው፤ ትንበያው ደግሞ ጦርነትን፣ መፈናቀልንና ወደ ከተማ መፍለስን አያውቅም። «ከወረዳው ሕዝብ 40 በመቶው ተጎድቷል» ሲባል ወረዳው ስንት ሰው እንዳለው በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። አንዳንዴ የክትባት ሽፋን ከ100 በመቶ በላይ ሆኖ ሪፖርት የሚደረገው ለዚህ ነው። ልጆቹ ተከትበዋል፣ የተሳሳተው አካፋዩ ነው።

ቁጥር መደራደሪያ ሲሆን

እስካሁን ያየነው የቴክኒክ ጉዳይ ነው። ከዚህ በላይ የሚከብደው ቁጥሩ የሚሠራው ሥራ ነው።

ለምሳሌ በአንድ ቦታ ያለው ተፈናቃይ 5,000 ነው ወይስ 8,000 የሚለውን እንውሰድ። ስፊር የሚባለው ዓለም አቀፍ የእርዳታ መመዘኛ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ ይላል። ስለዚህ ጥያቄው በቀን 75,000 ሊትር ነው ወይስ 120,000 የሚል ይሆናል። 10,000 ሊትር በምትይዝ ቦቴ 8 ምልልስ ነው ወይስ 12? መጸዳጃ ቤት ለ20 ሰው አንድ ከሆነ 250 ይቆፈር ወይስ 400? እህሉ በተለመደው ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ነው። 750 ኩንታል ይጫን ወይስ 1,200?

ለ5,000 ሰው 750 ኩንታል ተፈቀደ እንበል። ቦታው ላይ ያለው ግን 8,000 ነው። ኮሚቴው ምን ያደርጋል? 3,000 ሰው ባዶ እጁን አይሸኝም። ያካፍላል። ለአንድ ሰው 9 ኪሎ ገደማ ይደርሰዋል። ድርጅቱ ሪፖርት ሲያደርግ ለ5,000 ሰው ሙሉ ራሽን ሰጠሁ ይላል፤ ጭነቱን በ15 ሲያካፍለው የሚያገኘው ይኼንኑ ነው። ቀበሌው 8,000 ሰው ወሰደ ይላል። ተረጂው ደግሞ የተባለው 15 ኪሎ አልደረሰኝም ይላል። ሦስቱም እውነት ተናግረዋል፤ ከውጭ ለሚያይ ሰው ግን ስርቆት ይመስላል። እውነተኛ ስርቆት ያለበት ቦታም ልክ እንዲሁ ነው የሚመስለው፣ ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

በሚቀጥለው ዙር ወረዳው ከዚህ ይማራል። 8,000 ብሎ ቢጠይቅ እንደሚቀነስበት ያውቃል፣ ስለዚህ 12,000 ይጽፋል። ላይ ያለው ቢሮ ደግሞ ወረዳዎች እንደሚያጋንኑ ያውቃል፣ ስለዚህ ይቆርጣል። በዚህ መሐል ትክክለኛውን 8,000 የጻፈው ወረዳ ነው የሚጎዳው። ከዓመት ዓመት እንዲህ ሲኬድ ቁጥሩ ስለ ረሃቡ መናገሩን ይተውና ስለ ድርድሩ ይናገራል። ጥፋቱን በወረዳ ሠራተኛው ላይ ብቻ መጫን ቀላል ነው። ግን ልጆች የሚያለቅሱበት ግቢ ውስጥ ቆሞ ከሚቆረጥበት ቁጥር ላይ ትንሽ የጨመረን ሰው ከሌባ ጋር አንድ ማድረግ ፍትሕ አይመስለኝም።

ከላይም ፖለቲካ አለ። አይፒሲ የሚባለው የምግብ ዋስትና ደረጃ አሰጣጥ ሁኔታውን ከ1 እስከ 5 ይከፍላል፤ 5 የከፋው ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 በዚህ መለኪያ ትግራይና አጎራባች አካባቢዎች ውስጥ ከ350,000 በላይ ሰው ደረጃ 5 ላይ ነው ሲባል መንግሥት ውጤቱን አልተቀበለውም። ረሃብ የሚለው ቃል አንድን መንግሥት ስለሚያስጠይቅ ቁጥሩ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

በሌላ በኩል የለጋሾች ስጋትም ባዶ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ዩኤስኤአይዲ የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም የእርዳታ እህል ለታለመለት ሰው እየደረሰ አይደለም ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቆሙ። ስደተኞችም ቆመባቸው። ለስደተኞች የቀጠለው በጥቅምት ነው፣ ለሌላው ደግሞ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል። ሲመለስ ምዝገባው ዲጂታል እንዲሆን፣ የመጋዘኑ ቁጥጥር እንዲጠብቅ፣ የአካባቢ ባለሥልጣናት በዝርዝሩ ላይ ያላቸው እጅ እንዲያጥር ተደረገ። የቁጥጥሩ አስፈላጊነት አያከራክርም። ግን ዝርዝሩ ይጣራ ተብሎ ወራት ሲያልፉ የጾመው ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሰው አይደለም። የጾመው ዝርዝሩ ላይ ስሙ የነበረው ነው፤ ሰሜን ጎንደር ላይ ደግሞ ይኼ የሆነው ድርቁ በከፋበት ክረምትና መኸር ነው።

ስም ዝርዝሩ በማን እጅ ይሁን

ታዲያ አንድ ወጥ ዲጂታል መዝገብ አዘጋጅቶ ሁሉንም በአሻራ መመዝገብ አይሻልም? ብዙ ሰው ይህን ይላል፣ ምክንያትም አለው። ድግግሞሽ ይጠፋል። የሞተ ሰው ራሽን አይወስድም። ተፈናቃዩ ከደባርቅ ጎንደር ቢሄድ መብቱ አብሮት ይሄዳል። ለድሃ ሰው መታወቂያ ማግኘት ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

የሚቃወሙትም የሚሉት አላቸው። ባዮሜትሪክ፣ ማለትም የጣት አሻራና የዓይን ምስል፣ እንደ ይለፍ ቃል አይቀየርም። አንዴ የተሳሳተ እጅ ከገባ ገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሂውማን ራይትስ ዎች እንዳጋለጠው ባንግላዴሽ ውስጥ ከሮሂንጋ ስደተኞች የተሰበሰበ መረጃ በሚገባ ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ ለሸሹት ለምያንማር መንግሥት ተላልፏል። በጥር 2022 የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ መረጃ ተሰርቆ ከ515,000 በላይ ሰዎች መረጃ ተጋልጧል፤ በጦርነት ከቤተሰብ የተለያዩ ሰዎች ነበሩበት። የመን ላይ በ2019 የዓለም ምግብ ፕሮግራም በአሻራ ልመዝግብ ሲል ሰንዓን የያዙት ሁቲዎች እምቢ አሉ፣ ለተወሰነ ጊዜም በከተማዋ እርዳታ ቆመ።

ጎንደር ላይ ይህ ክርክር የወረቀት ላይ ክርክር አይደለም። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ ክልሉ በግጭት ውስጥ ነው። ማን ከየት እንደመጣ፣ ቤተሰቡ ውስጥ ስንት ወጣት ወንድ እንዳለ፣ አሁን የት እንደሚያድር የሚገልጽ ዝርዝር ለሁሉም ታጣቂ ወገን ዋጋ አለው። እርዳታ ለማድረስ የተጻፈ ስም ሰው ለማደን ሊውል ይችላል። አንዳንድ ተፈናቃይ ለመመዝገብ የሚፈራውም ለዚህ ነው፤ ካልተመዘገበ ደግሞ አይቆጠርም።

በእኔ ግምት ሁለቱን ነገር መለየት ይቻላል። ቁጥርና ስም አንድ አይደሉም። በየቀበሌው ስንት ሰው፣ ስንት ሕፃን፣ ስንት ነፍሰ ጡር እንዳለ የሚገልጸው ድምር በስፋት ቢታወቅ ይጠቅማል እንጂ ብዙም አይጎዳም። ስምና አሻራ ግን እጅግ ጥቂት ሰው እጅ መቆየት አለበት፣ የሚቆይበትም ጊዜ መወሰን አለበት። አሁን ብዙ ቦታ የሚታየው የዚህ ግልባጭ ነው። የስም ዝርዝሩ በኤክሴል ፋይል በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል፣ ድምሩ ግን የሚታተመው ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው።

ወደ ላይ ወጥቶ የሚቀር መረጃ

እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ የክላስተር ስብሰባዎቹ የሚካሄዱት ዋና ከተማዋ ፖርት ኦ ፕሪንስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለው የተመድ ግቢ ውስጥ ነበር፣ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ። ግቢው ጥበቃ ነበረው። የሄይቲ ማኅበራት መግቢያም ቋንቋም አጡ። ዓለም አቀፎቹ እርስ በርሳቸው ተቀናጁ፣ አገሩን የሚያውቀው ሰው ግን ውጭ ቀረ።

እኛም ዘንድ መልኩ ይለያይ እንጂ ነገሩ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የግብርና ባለሙያው፣ የቀበሌ ሥራ አስኪያጁ፣ የሚመጣው ድርጅት ሁሉ ቅጽ ይዞ ነው የሚመጣባቸው። ተመሳሳይ ጥያቄ በተለያየ ሰው ይጠየቃሉ። ዛሬ መረጃ ሰብሳቢው ኮቦ የተባለውን መተግበሪያ በስልኩ ይዞ ይሞላል፤ ኢንተርኔት በሌለበትም ይሠራል፣ መስመር ሲገኝ ይልካል። መረጃው ባሕር ዳር ይሄዳል፣ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ በእንግሊዝኛ ሠንጠረዥና ካርታ ሆኖ ይወጣል። ያን ካርታ ግን መረጃውን የሰጠችው ሴት አታየውም። ወረዳዋ ስንት ተብሎ እንደተመዘገበ፣ ስንት እንደተፈቀደ፣ መቼ እንደሚደርስ አታውቅም። ስህተት ቢኖር ማረም የምትችለው እሷ ነበረች።

የመረጃ ጥራት የሚሻሻለው በዚህ መንገድ ነው። ሰው የሰጠውን መልሶ ሲያይ «ይኼ እንኳ ትክክል አይደለም» ይላል። ካላየው ግን በሚቀጥለው ጊዜ ቅጹን ለመገላገል ብቻ ይሞላዋል።

በዚህ ላይ ግጭቱ አለ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በኮቦ የተሞላው መረጃ በስልክ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። መንገድ ይዘጋል። የእርዳታ ሠራተኞች ተገድለዋል፣ ታግተዋል። ቡድኑ መድረስ ያልቻለበት ወረዳ ሠንጠረዡ ላይ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ካርታ ላይ ባዶ ቦታ ደግሞ የተጎዳ የሌለበት ቦታ ይመስላል። ገንዘብ የሚመድብ ሰው ቁጥር ወዳለበት ይመድባል። ስለዚህ በጣም የተጎዳው፣ ማንም ያልደረሰበት፣ ከሁሉም ያነሰ ሊያገኝ ይችላል። የክላስተር ኃላፊዎች ይህን ያውቃሉ፤ «አልተደረሰም» የሚለውን ከ«ችግር የለም» ለይተው በሌላ ቀለም የሚያሳዩ አሉ። ሁሉም ግን አያደርገውም።

በካርታው ላይ የማይታይ ሌላም አለ። እድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ ከውጭ የሚላከው ገንዘብ፣ ቤቱን ያካፈለው ቤተሰብ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተፈናቃይን የሚያበላው በአብዛኛው ይኼ ነው። ግን ሠንጠረዡን የሚሞላ ስለሌለው «ማን» በሚለው ዓምድ ውስጥ የለም። ውጤቱ ተራ የሚመስል ግን ከባድ ነው፤ ቤተሰቦች ተሸክመው ሲደክሙ የሚተካቸው አይታቀድም፣ ከመጀመሪያው መኖራቸው አልተመዘገበምና።

ገንዘቡ ሲቀንስ

እ.ኤ.አ. ለ2024 ለኢትዮጵያ የተጠየቀው 3.24 ቢሊዮን ዶላር ነበር፣ 15.5 ሚሊዮን ሰው ለመርዳት። በሚያዝያ ጄኔቫ ላይ በተጠራው ስብሰባ ቃል የተገባው 630 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ከዚያ 2025 መጣ። በጥር አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን አገደች። ፊውስ ኔት ድረ ገጹ ሳይቀር ለወራት ጠፋ፤ ለ40 ዓመት ሲሠራ የቆየ ማስጠንቀቂያ ነው። በሐምሌ መጀመሪያ ዩኤስኤአይዲ ሥራውን አበቃ። ኦቻ ሠራተኞቹን በ20 በመቶ እንደሚቀንስ አስታወቀ። የዓለሙ የእርዳታ ጥሪ በሰኔ ከ44 ቢሊዮን ዶላር ወደ 29 ቢሊዮን ወረደ፤ ችግሩ ስለቀነሰ አይደለም፣ ገንዘቡ ስለማይገኝ እንጂ።

በጀት ሲቆረጥ እህሉን ቆርጦ መረጃ ኦፊሰሩን የሚያስቀር ድርጅት አይኖርም፣ ሊኖርም አይገባም። ግን ሲያንስ ነው ለማን ቅድሚያ ይሰጥ የሚለው ይበልጥ መታወቅ ያለበት። ለአምስት ወረዳ የሚበቃ እህል ለሁለት ብቻ ሲቀር፣ የትኞቹ ሁለቱ የሚለውን የሚወስነው ቁጥር ነው፤ ያንን ቁጥር የሚያጣራው ሰው ደግሞ ሥራው ታጥፏል።

ይህን ክፍተት ማን ይሙላው በሚለው ላይም ስምምነት የለም። አንዳንዱ መንግሥት ሙሉ በሙሉ ይምራው ይላል፤ መዋቅሩ እስከ ቀበሌ አለው፣ ድርጅቶች ሲሄዱ እሱ ይቀራል። ሌላው መንግሥት በግጭቱ አንዱ ወገን ስለሆነ ብቻውን መቁጠር የለበትም ይላል። ሁለቱም ወገን ያለው ልክ ነው፣ አንዱን ብቻ መምረጥም አያስፈልግም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲን ያህል የጤና ጥናት ልምድ ያለው ተቋም ከተማው ውስጥ አለ። የዞኖቹ የአደጋ መከላከል ባለሙያዎች አካባቢውን ከማንም በላይ ያውቃሉ። መንግሥት ሲቆጥር፣ ሌላ ገለልተኛ ወገን ከየቦታው ናሙና ወስዶ ሲያመሳክር፣ ሁለቱም ውጤት ሲታተም፣ ልዩነቱ ራሱ መረጃ ይሆናል።

የመመለሱን ነገርም ከባዶ መጀመር አያስፈልግም። የሴፍቲኔት መመሪያ የተመረጡ ሰዎች ስም በአደባባይ እንዲለጠፍና በየቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖር ያዛል። በሁሉም ቦታ ይፈጸማል ማለት አይደለም፣ ሐሳቡ ግን አለ። ለአስቸኳይ እርዳታ ደግሞ ስም ሳይለጠፍ ድምሩ ብቻ ይበቃል። አንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ ቀኑ በእኛ ካላንደር። ቀበሌው ስንት ሰው ብሎ አመለከተ፣ ስንት ጸደቀለት፣ ለአንድ ሰው ስንት ኪሎ ታሰበ፣ ስንት ኩንታል ተጫነ፣ መቼ ይደርሳል፣ ስህተት ያየ ሰው ወዴት ይደውላል። ሶፍትዌርም አዲስ ሠራተኛም አይጠይቅም። ቁጥሩን ያጸደቀው ቢሮ ቅጂውን ለወረዳው መላክ አለበት፣ ወረዳውም በየቀበሌው ማስለጠፍ። ለዚህ ደግሞ እንደ ሌላው ሪፖርት ሁሉ ቀን ተቆርጦ ሊቀመጥለት ይገባል፤ እስካሁን የጊዜ ገደብ ያለው ወደ ላይ የሚላከው ብቻ ነውና።